ጥያቄና መልስ፦ ለክፉ ቀን እህል ቤት ውስጥ ማስቀመጥ

እማማ ጎተራ፦ እንደምን አመሻችሁ። እህል መጋዘን ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ነቀዝን ከዘመዶቼ በላይ አውቀዋለሁ። ጠይቁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ የነቀዝ ኪኒን ሰው የሚተኛበት ቤት አይገባም።

የሰሚቷ፦ እማማ፣ አምስት ነን። ለወር ስንት ይበቃናል?

እማማ ጎተራ፦ የእርዳታውን ራሽን አስቢ። አገራችን ውስጥ ለአንድ ሰው ለወር ሲታደል የኖረው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። ለእናንተ 75 ኪሎ እህልና 7.5 ኪሎ ጥራጥሬ ይሆናል። ጥራጥሬውን እጥፍ አድርጊው። ራሽን ነፍስ ያቆያል እንጂ አያጠግብም።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦ ጤፍ ይሻላል በቆሎ? በቆሎ ይረክሳል።

እማማ ጎተራ፦ ይህን ነው የምወደው! ጤፍ። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ልጅ ሊያሳድግበት አይችልም። በቆሎና ስንዴ ግን ቤቱ ናቸው። ሴቷ ፍሬውን ትበሳለች፣ እንቁላሏን ትከታለች፣ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ልጁ ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድግና በስቶ ይወጣል። ከገበያ ንጹሕ መስሎህ የገዛኸው በቆሎ ሁለተኛው ወር ላይ የሚቦነው ለዚህ ነው። ውጪው አማረ ማለት ውስጡ ደህና ነው ማለት አይደለም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ማድረቅና አየር ማሳጣት። መድረቁን በጨው ፈትነው። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውሰድ። ሲሶውን በቆሎ ሙላ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምር፣ አንድ ደቂቃ ነቅንቀው፣ ሩብ ሰዓት ተወው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህልህ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ መልሰው። እርጥቡን ካሸግህ ነቀዙን አምልጠህ ለሻጋታ ትዳረጋለህ።

ከደረቀ በኋላ ፒክስ የሚባለው አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ውስጥ ክተት። ውስጡ ሁለት ላስቲክ አለው። አየሩን ጨምቀህ አስወጣ፤ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ ጠምዝዘህ፣ አጥፈህ እሰር። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ያልቅለታል። በየሳምንቱ እየከፈትክ አትይ!

የጎተራ ጎረቤት፦ ፒክስ ካጣሁስ?

እማማ ጎተራ፦ ንጹሕ ጀሪካን፣ ክዳኑ የሚጠብቅ። እስከ አፉ ሙዪው። ጎዶሎ ጀሪካን ለነቀዝ ሳሎን ነው።

አራት ኪሎ፦ ኪኒኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ባስገባውስ?

እማማ ጎተራ፦ አልሰማህም መሰለኝ። ኪኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ጋዝ ይለቃል፤ ጨርቅ አይዘውም፣ የተዘጋ በርም አይዘውም። ማርከሻ የለውም። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን አታድርግ። ቀጥሎ።

የኮንዶሚኒየም ልጅ፦ ይቅርታ ግን፣ ጤፍ የሚወደደው እንዲህ እየከመርን አይደል?

የነጋዴ ልጅ፦ ያንተ 75 ኪሎ ገበያ አያንቀጠቅጥም፤ ደላላውን ጠይቅ።

የኮንዶሚኒየም ልጅ፦ ሁሉም 75፣ 75 ካለስ?

የነጋዴ ልጅ፦ ሁሉም ቢችል ኖሮ እዚህ ምን እናወራ ነበር?

እማማ ጎተራ፦ እናንተ ልጆች ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ። ጥር ላይ አዲሱ እህል ሲገባ ግዙ፣ ነሐሴ ላይ አትሻሙ። አለቀ።

ወልቂጤ፦ እኛ ጋ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ነቀዝ የለ፣ ጀሪካን የለ።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የት ልቆፍር?

እማማ ጎተራ፦ 😂 ወልቂጤ ልክ ነህ፤ ግን ጠያቂዎቹ የከተማ ሰዎች ናቸው።

የሰሚቷ፦ አስፈጭቼ ዱቄቱን ላስቀምጥ?

እማማ ጎተራ፦ እህሉን አስቀምጪ፣ ዱቄት ቶሎ ይበላሻል። የወር ብቻ አስፈጪ። ግን መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱም ምጣድሽም ይቆማሉ። ስለዚህ እሳት የማይፈልግ ነገር ይኑርሽ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ድርቆሹ እጅሽ ውስጥ ኳ ብሎ ካልተሰበረ ገና አልደረቀም።

ከዲሲ፦ የጣሳ ቱና ስንት ዓመት ይቆያል?

እማማ ጎተራ፦ እኔ የእህል ሰው ነኝ፤ ጣሳው ላይ ተጽፏል።

አራት ኪሎ፦ ውሃስ?

እማማ ጎተራ፦ ለመጠጥ ብቻ በቀን ለሰው 3 ሊትር ያዝ።

የጎተራ ጎረቤት፦ ለሽሮ ጓያ ርካሽ ነው፣ እሱን ልሰብስብ?

እማማ ጎተራ፦ ተዪው። ጓያ በክፉ ቀን ብቸኛ ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይመለስም። ደንቢያና ፎገራ ሂጂና ጠይቂ። አንቺ ደግሞ የምታከማቺው ለዚያው ለክፉ ቀን ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር ውሰጂ።

አዲስ ገቢ፦ ጠቅላላ ምክር ቢሰጡን?

እማማ ጎተራ፦ ከላይ ጀምረህ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ኪኒኑ ግን የት ይሸጣል?

እማማ ጎተራ፦ ኧረ በእመቤቴ! አልመልስም።

የሰሚቷ፦ የመጨረሻ ይሁንልኝ። ባቄላዬን አሁን ገልጬ ሳየው ነቅዟል። ልጣለው?

እማማ ጎተራ፦ ሁሉንም አትጣይ። ዛሬውኑ ከሌላው እህል ለይተሽ አርቂው። አበጥሪው፤ የተበሳውን ለዶሮ፣ ደህናውን ቆልተሽ ክኪውና ቶሎ ጨርሺው። ጆንያውን ገልብጠሽ አራግፊው፤ ስፌቱ ውስጥ ይደበቃሉ። በዚያው ጆንያ ምስር እንዳትጨምሪበት።