የብርጭቆው ወፍ ከመቆሚያው ለምን ተነቀለ?

ጥያቄው የመጣው ከሲያትል ነው። ጠያቂው በአፍ የተነፋ፣ 2.3 ኪሎ የሚመዝን የብርጭቆ ወፍ አላቸው። ታችኛው ክብ መቀመጫው 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ወፉ በነሐስ ዝርግ ላይ፣ ነሐሱ ደግሞ በዋልነት እንጨት ጉማጅ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ በ5 ደቂቃ በሚደርቀው ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) አጣብቀው መስኮት አጠገብ አስቀመጡት፤ በአራተኛው ወር ተነቀለ። ኢፖክሲው እንዳለ ነሐሱ ላይ ቀርቶ የብርጭቆው ፊት እንደ ታጠበ ጸድቶ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ተራ ሲሊኮን፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጠውን ማጣበቂያ፣ ሞሉበት። በ10ኛው ቀን ነሐሱ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሆነ፤ ሲያነሱት መሃሉ ገና እርጥብ ነው። «ከሁሉ የጠነከረው ማጣበቂያ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ወደፊት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራም አስበዋል።

ብርጭቆ ላይ የጠነከረው ሁሉ የተሻለ አይደለም። ድርቅ ብሎ የሚጠነክር ኢፖክሲ ራሱ ሳይለቅ የብርጭቆውን ቅርፊት ገንጥሎ ሊነሳ ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው የሚገናኙት ሁለት ዕቃዎች ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱና ማጣበቂያው ያንን እንቅስቃሴ መቻል አለመቻሉ ነው።

ለእጅ ሥራ የሚነፋው የተለመደው ብርጭቆ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጨመረ ቁጥር በአንድ ሜትር 9 ማይክሮን ተኩል ያህል ይረዝማል (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው)። ብረት 12፣ ነሐስ 19፣ አሉሚኒየም 23 ነው። የቤተ ሙከራ ዕቃ የሚሠራበት ቦሮሲሊኬት ደግሞ 3.3 ብቻ ስለሆነ የእርስዎ ብርጭቆ የትኛው እንደሆነ ከተነፋበት ቦታ ይጠይቁ። ጠዋት 15 ዲግሪ የነበረው ነሐስ ፀሐይ መትቶት 45 ቢደርስ፣ በ8 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ብርጭቆውና ነሐሱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ይለያያሉ። በዓይን የማይታይ ነው፤ ተጨፍልቆ የሦስት አራት መቶኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ለቀረው ኢፖክሲ ግን በየቀኑ የሚመላለስ ጉተታ ነው። እንጨት ደግሞ ይብሳል፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰው እርጥበት ነው። የክረምት ማሞቂያ ያደረቀው ዋልነት እርጥብ ወቅት ሲመጣ በ8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ብርጭቆን በቀጥታ ከእንጨት ጋር በደረቅ፣ በማይለጠጥ ማጣበቂያ ማያያዝ አይገባም። ነሐሱን በመሃል ማስገባትዎ ትክክል ነበር። እሱንም ከእንጨቱ ጋር መሃሉ ላይ በአንድ ብሎን ያሲዙት እንጂ አያጣብቁት። እንዳይዞር ሁለተኛ ብሎን ካስፈለገ ቀዳዳው ሞላላ ይሁን።

የተነቀለ ሥራ ሁሉ ምክንያቱን ፊቱ ላይ ጽፎ ይመጣል፤ ሳይፍቁት በፊት ማንበብ ነው። ማጣበቂያው መሃል ለመሃል ተቀዶ በሁለቱም ፊት ላይ ከቀረ፣ ይዞታው ጥሩ ነበር፤ ጭነቱ በዝቶበታል ወይም በደንብ አልተቀላቀለም። ማጣበቂያው ላይ የብርጭቆ ስባሪ ከተገኘ ከመጠን በላይ ደረቅ ነው። የእርስዎ ዓይነት፣ ብርጭቆው ጸድቶ የሚወጣው፣ ብርጭቆው መጀመሪያውኑ ቆሻሻ እንደነበር ወይም ውሃ ከጠርዝ ሰርጎ እንዳላቀቀው ይናገራል። የመስኮት ጤዛና የ5 ደቂቃ ኢፖክሲ አይስማሙም፤ ሱፐር ግሉም በዚሁ በኩል ደካማ ነው። ስንጥቁ ከማጣበቂያው ርቆ በወፉ አካል ላይ ከሆነ ግን ማጣበቂያውን አይውቀሱ፤ ብርጭቆው በምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ አልቀዘቀዘም ማለት ነው።

ሲሊኮኑ የከዳዎት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሲደርቅ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ነው። የሚያወጣው አሲድ ነሐስንና መዳብን ይበላል፤ እምነ በረድንም ይነካል፤ የመስታወት ጀርባ ያለውን የብር ቅብ ያበላሻል። ሁለተኛ፣ ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ሲሆን ከጠርዝ ወደ ውስጥ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል፤ እየቆየም ይዘገያል። ብርጭቆም ነሐስም አየር አያሳልፉም። ከጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር የራቀው መሃል በ10 ቀን ካልደረቀ አይገርምም።

ለዚህ ወፍ የምመርጠው ኒውትራል የሚባለውን፣ አቼቶ የማይሸተውን ሲሊኮን ነው። ማሸጊያው ላይ ለብርጭቆና ለነሐስ እንደሚሆን መጻፉን ይዩ። ከዚያ በፊት ግን የአሮጌው ሲሊኮን ርዝራዥ በምላጭ ተፍቆ፣ በሲሊኮን ማስለቀቂያ ታጥቦ መውጣት አለበት፤ ቅባቱ ከቀረ ከሲሊኮን በቀር ምንም አይዘውም። ቀጥሎ መቀመጫውን ያስተካክሉ። ታችኛው ፊት ላይ በማርከር መስመሮች ያስምሩ፤ ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ 220 ቁጥር ሲሊከን ካርባይድ ዱቄት (ብርጭቆ የሚሞርድ ሻካራ ዱቄት) በውሃ ለውሰው፣ ወፉን ስምንት ቁጥር እየሠሩ ያሹት። መስመሮቹ እኩል ሲጠፉ ፊቱ ሜዳ ሆኗል። መሃሉ ላይ ማርከር ከቀረ ወፉ የሚቆመው በዳሩ ብቻ ነው። በደረቁ ፈጽሞ አይሹ፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው።

በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ያድርቁ። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ባስነካ ጨርቅ ጠርገው፣ አልኮሉ ሳይተን በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያንሱት። በአንድ ጨርቅ መመላለስ ቅባቱን ማዘዋወር ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ማሻሻ አልኮል ዘይት ሊኖረው ስለሚችል ይተውት። ለፍተሻ ጥቂት ውሃ ያፍስሱበት፤ እንደ ቀጭን ልብስ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፣ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ይድገሙ። ከዚህ በኋላ በእጅ አይነካም።

ሲሊኮኑን ሙሉ ፊቱ ላይ አይቀቡ። እያንዳንዱ 10 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሦስት ትይዩ መስመር ያድርጉ፤ በመሃላቸው አየር የሚገባበት እኩል ክፍተት ይተዉ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ቀድሞ ከዚያው ቱቦ ጨምቀው ያደረቁትን ሲሊኮን በ2 ሚሊ ሜትር ቆርጠው ሦስት ቦታ እንደ ሮንዴላ ከሥር ያኑሩ። እነዚህ ከሌሉ የወፉ ክብደት ማጣበቂያውን ገፍቶ ያወጣዋል፤ ሲሊኮኑ የሚለጠጥበት ውፍረት ያጣል። በውሃ ልክ አስተካክለው ለሳምንት አይንኩት።

የዚህ ዘዴ ጉድለቱ በጠራ ብርጭቆ ሥር መስመሮቹ መታየታቸው ነው። የወፉ ታች ወፍራም ቀለም ካለው ችግር የለም። መጋጠሚያው እንዲጠፋ ከፈለጉ ግን መቆሚያውን ራሱን ከተመሳሳይ ብርጭቆ ያሠሩ፤ ሁለቱ እኩል ስለሚንቀሳቀሱ ደረቅ ማጣበቂያ ይቻላል። ለዚህ ሥራ ሄክስታል የሚባለው ኢፖክሲ ጥሩ ነው፤ ሲቆይ በቀላሉ ቢጫ አይሆንም፣ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠንም ወደ ብርጭቆ ስለሚጠጋ የታሸው ፊት ጭረት ሲሞላ አይታይም። የሚቀላቀለው በክብደት 3 ለ 1 ነው፤ በዓይን መለካት አይሆንም፣ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ይጠይቃል። እንደ ውሃ ቀጭን ስለሆነ ጠርዙን በቴፕ ካልዘጉት ይፈስሳል። ሙሉ ለሙሉ ለመድረቅም አንድ ሳምንት ይፈልጋል።

በአልትራቫዮሌት መብራት የሚደርቀው ማጣበቂያ በሰከንዶች ይይዛል፤ ነገር ግን ብርሃኑ እሱ ጋ መድረስ አለበት። ቀይ፣ ቡናማና የደፈረሰ ብርጭቆ ያግደዋል። አንድ ጠብታ ፕላስቲክ ላይ አድርገው ሥራውን ከላይ ይያዙበትና ያብሩ፤ ጠብታው ካልደረቀ ያ ማጣበቂያ ለዚያ ብርጭቆ አይሆንም።

ብርጭቆ ውስጥ ዘንግ ለመትከል የሚያስቡም አሉ። ቀዳዳው በአልማዝ መብሻ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይበሳ፤ ከዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ዙሪያው በሲሊኮን ይሞላ። ኢፖክሲ ሞልተው ያጠበቁት ዘንግ ፀሐይ ባገኘው ቀን እየሰፋ ብርጭቆውን ከውስጥ ይከፍተዋል።

ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው፣ ዘላቂ ክብደት በሲሊኮን ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ከሆነ ለመዋቅር ሥራ በተሠራው ሲሊኮን እንኳ የሚታሰበው በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር 70 ግራም ያህል ብቻ ነው። ለ2.3 ኪሎ 33 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ አረፋ ያለው ባለ ሁለት ፊት ቴፕ ከሆነ ደግሞ በኪሎ 55 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ቁጥሩ ቢሞላም እኔ በዚህ አልተማመንም። የማይዝግ ላሜራ ታችኛው ጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይታጠፍ፤ ብርጭቆው በቀጭን ጎማ ላይ እዚያ ይረፍ። ክብደቱን ላሜራው ይሸከም፣ ሲሊኮኑ ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ይያዝ።