ሐሺሞቶና ቫይታሚን ዲ፦ ፋርማሲስቷን ጠይቁ

ሰላም! ስቶክሆልም የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ጠይቁኝ። ከወዲሁ ግን፦ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ።

ጽጌ፦ ሐሺሞቶ አለብሽ ተባልኩ። ቫይታሚን ዲዬም 28 ናኖሞል ነው። ዲው ከተስተካከለ በሽታው ይለቀኛል?

መልስ፦ አይለቅሽም እህቴ። ሐሺሞቶ የሰውነት መከላከያ የራሱን ታይሮይድ ሲያጠቃ ነው። በሽታው ያለባቸው ሰዎች ዲያቸው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ የቱ የቱን እንዳመጣው ግን በዚህ ብቻ አይታወቅም። አሜሪካ ውስጥ ወደ 26 ሺህ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2022 የታተመ ጥናት አለ። በቀን 2,000 ዩኒት ዲ ለ5 ዓመት የወሰዱት ላይ፣ መከላከያው የራሱን ሰውነት የሚያጠቃባቸው በሽታዎች በ22 በመቶ ቀንሰዋል። ያ ግን ሶራይሲስ የሚባለውን የቆዳ በሽታም፣ የመገጣጠሚያውንም ደምሮ ነው። ደግሞ ስለ መከላከል እንጂ ስለ ማዳን አይደለም። 28 ዝቅተኛ ነው፤ ለአጥንትሽ ስትዪ ከ50 በላይ አድርሺው።

ዳዊት፦ የ13 ወር ፀሐይ ልጆች ሆነን እንዴት ዲ ያንሰናል?

መልስ፦ ጥቁር ቆዳ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። እዚህ ደግሞ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐይዋ ብትወጣም ዲ አታስገኝም።

ሜሮን፦ ጠዋት ሌቫክሲን (የታይሮይድ መድኃኒቴን)፣ ካልሲየም ያለበት ዲና ብረት አንድ ላይ በቡና እውጣለሁ። የታይሮይድ ምርመራዬ፣ ቲኤስኤቼ፣ ግን አልወርድ አለ።

መልስ፦ ሁሌ የምጮኸው ስለዚህ ነው! ካልሲየምና ብረት ሌቫክሲኑን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ቡናም ይቀንሰዋል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ቲኤስኤች ከፍ ይላል፤ ያኔ ሐኪሙ መጠን ይጨምራል፤ ችግሩ ግን የሰዓት ነው። ሌቫክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ከቁርስና ከቡና በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት። ካልሲየምና ብረት ቢያንስ 4 ሰዓት ቆይተው። ዲ ብቻውን ከሆነ ዘይት ካለው ምሳ ጋር ውሰጂው። ለፀጉር ባዮቲን የምትወስዱም፣ ከደም ምርመራ በፊት ቢያንስ 2 ቀን አቁሙ። ውጤቱን ያሳስታል።

ሳሙኤል፦ አገር ቤት ያለችው እናቴ እንቅርት ወጥቶባታል። አዮዲን ልላክላት?

ኃይሌ፦ ላክላት እንጂ! እንቅርት የአዮዲን እጥረት ነው።

ጽጌ፦ ኧረ እኔን ሐኪሜ ከልክሎኛል።

ኃይሌ፦ ያንቺ ሌላ ነው። የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ አዮዲን ባለው ጨው ነው የዳነው።

መልስ፦ እባካችሁ፣ መድኃኒት በግምት አትዘዙ። እንቅርት ሁሉ የአዮዲን እጥረት አይደለም። ሐሺሞቶ ከሆነ የበዛ አዮዲን ያባብሰዋል። አትላክ፤ መጀመሪያ ትመርመር።

ጋሽ በላይ፦ ይደክመኛል። ምን ልውሰድ?

መልስ፦ በዚህ ብቻ ምንም ማለት አልችልም ጋሼ። ይመርመሩ።

ዳዊት፦ ጓደኛዬ በቀን 10,000 ዩኒት እየወሰደ ሐሺሞቶው ድኗል። መድኃኒቱንም ትቷል።

መልስ፦ ይድናል ወይ ለሚለው ለጽጌ መልሻለሁ፤ እያነበባችሁ ጠይቁ። ያለ ሐኪም ክትትል በቀን ከ4,000 አትለፉ። ዲ ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ማስታወክና የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። ጓደኛህም ነገ ቲኤስኤች ይሠራ። መድኃኒት አታቁሙ ብያለሁ!

ሜሮን፦ ረስቼው፣ የ6 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ።

መልስ፦ ይሄንን ነበር መጀመሪያ መናገር! ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ። በእርግዝና የሌቫክሲን መጠን ብዙ ጊዜ ይጨመራል፤ ልጁም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያንቺን ሆርሞን ነው የሚጠቀመው።