የካርቦን ክሬዲት ጥያቄዎቻችሁን ዛሬ ልመልስ (ከጎንደር)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ሰሞኑን የካርቦን ሽያጭ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፣ "የቀበሌያችንን ደን ለካርቦን ፈርሙ እየተባልን ነው" ያላችሁኝም አላችሁ። በተፈጥሮ ሀብት ስራ ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል፣ ደን ለክቻለሁ፣ ከማህበራት ጋር ቁጭ ብዬ ውል አንብቤያለሁ። ዛሬ እስከ ማታ አለሁ፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ አየር እንዴት ይሸጣል? ለእናቴ ማስረዳት አቃተኝ።

እንዲህ በያቸው እህቴ። ዛፍ ሲያድግ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየሳበ ግንዱና ስሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። 1 ክሬዲት ማለት 1 ቶን ከአየር ተወስዷል ወይም ሊለቀቅ የነበረ ቀርቷል ብሎ ገለልተኛ መርማሪ ያረጋገጠው ነው። ውጭ አገር ጭስ የሚለቅ ድርጅት ያንን ይገዛና ከራሱ ሂሳብ ላይ ያቀናንሳል። ጅምሩ እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የኪዮቶ ስምምነት ነው፣ አሁን ደግሞ መንግስታት የሚገበያዩት በፓሪሱ ስምምነት አንቀጽ 6 ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አገር እውነት የሰራ ቦታ አለ ወይስ ወሬ ነው?

አለ፣ ወላይታ ሁምቦ። ይሄን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የተጀመረው፣ ቦታው 2,728 ሄክታር ተራራ ነው፣ ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ ተቆርጦ ያለቀ፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፍና ጭቃ ታች ሰፈር ድረስ የሚወርድበት። ሰው ሁሉ ችግኝ ይተከላል ብሎ ሲጠብቅ አብዛኛውን ቦታ ያለማው ግን ከተቆረጠው ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ነው፣ ስሩ መሬት ውስጥ አልሞተም ነበር፣ ከብት እየጋጠው ነው እንጂ። ከአንድ ጉቶ ከሚወጡት ብዙ ቅርንጫፎች ጠንከር ያሉትን ትተው ሌላውን ገረዙ፣ ከብት እንዳይገባ ከለሉ፣ በቃ ጫካው ተነሳ። ህዝቡ መጀመሪያ "መሬታችንን ሊወስዱብን ነው" ብሎ ፈርቶ ነበር፣ ያ ፍርሀት የለቀቀው 7 የደን ህብረት ስራ ማህበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብቱ በነሱ ስም ሲሆን ነው። የአለም ባንክ ፈንድ ከክሬዲቱ 165,000 ቶን ለመግዛት ተስማማ፣ ከገንዘቡም ማህበራቱ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ቤት ሰሩበት። ወፍጮ ቤት ማለት ለአንዲት የገጠር እናት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ቃዳ ባህር ዛፍ አለኝ፣ ስንት አገኛለሁ?

ወንድሜ እውነቱን ልንገርህ፣ ለብቻህ ምንም። በሁምቦ ሂሳብ እንየው፣ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ነው የተገመተው፣ ለ2,728 ሄክታር ስታካፍለው በሄክታር በዓመት ወደ 11 ቶን ይመጣል። ላንተ ሩብ ሄክታር 3 ቶን እንኳን አይሞላም። 1 ቶን በ5 ዶላር ተሸጠ ብንል 13 እና 14 ዶላር ነው፣ እሱም የለካና የመረመረ ባለሙያ ሳይከፈለው። ደግሞ ባህር ዛፉን በየጥቂት ዓመቱ ለአጣና ከቆረጥከው የያዘው ካርቦንም አብሮ ይሄዳል። አጣናህን ሽጥ፣ ይሻልሀል። ካርቦን የሚያዋጣው ብዙ መቶና ሺህ ሄክታር በአንድ ላይ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ የምርጥ ምድጃ ፕሮጀክትስ?

ምድጃው ጥሩ ነው፣ ማገዶ ይቆጥባል፣ የእናቶችን አይንና ሳንባ ከጭስ ያሳርፋል፣ እኔም ቤት አለ። ችግሩ በተቆጠበው ማገዶ ልክ የሚሸጠው ክሬዲት ቆጠራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት የተመረመሩት የምድጃ ፕሮጀክቶች ከሚገባቸው 9 እጥፍ ገደማ ክሬዲት እንደወሰዱ አሳይቷል። ምድጃው ታድሎ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ እንጀራው ግን በሶስት ጉልቻ እየተጋገረ "ጥቅም ላይ ዋለ" ተብሎ ይጻፋል። ገዢ እንዲህ አይነቱን ሲሰማ ይሸሻል፣ ዋጋ ይወድቃል፣ በትክክል የሰራውም አብሮ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ግጦሹ ሲከለል ከብቶቻችንን የት እናድርጋቸው?

ይሄ ካልተመለሰ ፕሮጀክቱ አይቆይም። ሳሩን አጭዶ መመገብ ነው መፍትሄው፣ በተከለለ ቦታ ሳሩ በአንድ ክረምት ወገብ ይደርሳል። ግን ከብቱ ተባሮ ጎረቤት ቀበሌ ያለውን ጫካ ከጋጠው መርማሪው ያንን ከክሬዲታችሁ ላይ ይቀንሰዋል፣ መቀነስም አለበት።

ጥያቄ፦ የኛ ማህበር ውል ቀርቦለታል፣ ምን እንይ? (ከወገራ)

ጋሼ፣ እባካችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። አንድ ጊዜ አንድ ማህበር ይዞልኝ የመጣው ውል በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፣ ለ40 ዓመት፣ ሊቀመንበሩ ፈርሞ ማህተም አድርጎበታል፣ ድርሻችሁ ስንት ነው ስላቸው አንዳቸውም አያውቁም። በጣም ነው ያዘንኩት። በአማርኛ ይጻፍልን በሉ፣ ከዛ ለማህበሩ የሚደርሰው ከጠቅላላ ሽያጩ ነው ወይስ ወጪ ተቀንሶ ከተረፈው የሚለውን አጥብቃችሁ ጠይቁ፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ፕላን ቪቮ የሚባለው የካርቦን ፕሮጀክቶች ስታንዳርድ ቢያንስ 60 በመቶው ለህብረተሰቡ ይድረስ ይላል፣ እሱን እንደ መለኪያ ያዙት። ደኑ ቢቃጠል ማን ነው ተጠያቂው፣ ማሩ፣ ሳሩ፣ ደረቅ ማገዶው የናንተ ሆኖ ይቀጥላል ወይ፣ ይሄ ሁሉ በጽሁፍ ይግባ። የ2010ሩ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ የማህበረሰብና የማህበር ደንን በህግ ያውቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫችሁን ጨርሱ። ገንዘቡም ቶሎ አይመጣም፣ ዛፉ አድጎ፣ የግንዱ ውፍረት ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ በሜትር ተለክቶ፣ መርማሪ ቦታው ድረስ መጥቶ አይቶ ነው፣ ብዙ ዓመት ይወስዳል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መርማሪውም አይመጣም፣ ክፍያውም ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይሄ ሁሉ ድካም ለጎንደር ምን ይጠቅማል?

አንገረብን እዩት። ከተማው የሚጠጣው ውሀ የሚጠራቀምበት ግድብ በደለል እየተሞላ ነው፣ ክረምት ላይ ወርዳችሁ ብታዩ ውሀው የአተላ መልክ ነው ያለው፣ ያ ከላይ ካለው ማሳና ተራራ የወረደ የገበሬ አፈር ነው። ተራራው ደን ቢለብስ የካርቦኑ ብር ባይመጣ እንኳን አፈሩ ይቀራል፣ ጄሪካን ይዞ የሚሰለፈውም ይቀንሳል። መተማ ደግሞ የዕጣን ዛፉ አለ፣ ትልልቆቹ ቆመዋል ግን በስራቸው ወጣት ዛፍ አታዩም፣ ቡቃያውን ከብትና ሰደድ እሳት ይጨርሰዋል። እዛ ለጥበቃና ለእሳት መከላከያ የሚሆን ገንዘብ ከካርቦን ቢገኝ እኔ በሁለት እጄ ነው የምቀበለው፣ ዕጣኑም ራሱ ገቢ ነውና።

የወገራዎቹ፣ የውሉን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ፣ እስከ እሁድ አንብቤ እደውልላችኋለሁ። እስከዛ ማህተሙን እንዳታወጡት።