አባታችን በቃል የተናገሩትን እንዴት እንፈጽም?

ጥያቄ፦ አባታችን ዕድሜ ልካቸውን ጠበቃ ነበሩ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሦስታችንን ልጆቻቸውን ጠርተው «የአራት ኪሎው ሱቅ ኪራይ ለዩኒቨርሲቲ ይሁን፤ በስሜ አንድ የሕግ ፕሮፌሰር ይቀጠርበት» አሉን። በሁለተኛው ቀን አረፉ። እናታችን በሕይወት አሉ፤ አንዱ ወንድሜ ውጭ አገር ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። እውነቱን ልንገርዎ፤ ይህ ቃል ብቻውን ሱቁን አያስተላልፍም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ይቀበላል። ሞት መቅረቡ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች ይናገራል (ቁጥር 892)። በዚያ ኑዛዜ የሚታዘዘው ግን የቀብር ነገር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳሪነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ሱቅ አይገባበትም።

ምኞታቸው ግን አልቀረም። ወራሾቹ እናንተ ናችሁ። ሱቁን በራሳችሁ ስጦታ፣ በእሳቸው ስም መስጠት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ። ሱቁ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ ድሮም የእናትዎ ነው፤ እሳቸው ካልፈረሙ ድርሻቸው አይነካም። ኪራዩ መተዳደሪያቸው ከሆነ ደግሞ እኔ ብሆን በሕይወት እስካሉ ድረስ ኪራዩን ለእሳቸው አስቀር ነበር። ወንድምዎም ውክልና ይላክ። ጠቅላላ ውክልና ግን አይበቃም፤ «ስጦታ እንዲያደርግልኝ» የሚለው በግልጽ ይጻፍበት።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ የሚጸናው በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ሲሆን ነው (ቁጥር 2443)። ሰነዱ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም ይፈርማሉ፤ መነበቡም እዚያው ይጻፋል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ብትፈራረሙ የተሻለ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይዘቱ ነው። አንድ ደንበኛዬ ይዞት የመጣው የስጦታ ወረቀት «ለሕግ ትምህርት ድጋፍ» ብቻ ይላል። ገንዘቡ በሁለት ዓመት አለቀ። ልንከስ ብንል የወጣው ሁሉ ድጋፍ ይባላል። አዘንን፤ ምንም ማድረግ አልቻልንም። እናንተ ዘርዝሩት። ሱቁ አይሸጥ፤ ኪራዩ ብቻ ይውጣ። ፕሮፌሰሩን ማን ይመርጣል? ወንበሩ፣ ማለትም የፕሮፌሰሩ ቦታ፣ ክፍት በሆነበት ዓመት ኪራዩ የት ይጠራቀማል? ሱቁ ለልማት ቢነሳስ? ፒያሳ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ካሳው ወይም ምትኩ ለዚያው ወንበር እንዲውል ጻፉ።

እንዲህ ያለ ስጦታ ዘመን ሊሻገር ይችላል፤ በእንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ ያለውን የቫይነር የሕግ ወንበር ያቆመው የሕግ ጸሐፊው የቻርልስ ቫይነር ኑዛዜ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1756 ሞተ፤ በ1758 ዊልያም ብላክስቶን የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆነ።

በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ራሱን የቻለ ኢንዶውመንት፣ ማለትም ንብረቱ ለአንድ በጎ ዓላማ በዘላቂነት የሚውል ድርጅት፣ ማስመዝገብም ይቻላል። ለአንድ ሱቅ ግን ቦርዱና ሪፖርቱ ይበዛባችኋል፤ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ብትዋዋሉ እመርጣለሁ።

ከሁሉ በፊት ካርታውን አውጡና ቀኑን እዩ። ሱቁ የተገኘው ከጋብቻው በፊት ነው በኋላ? የእናትዎ ድርሻ የሚታወቀው ከዚያ ነው።