ወንጂን ለማየት መቼ እንሂድ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። በመጪው ክረምት ልጆቼን ሶደሬ ለመውሰድ አስቤያለሁ። በዚያው ወንጂ ጎራ ብለን ስኳር ከሸንኮራ አገዳ እንዴት እንደሚወጣ ባሳያቸው ደስ ይለኛል። ፋብሪካው ያስገባናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳብዎ እጅግ መልካም ነው፤ ወቅቱን ግን እንዲቀይሩ አጥብቀን እንመክርዎታለን። የስኳር ፋብሪካዎች በክረምት አገዳ መፍጨት አቁመው ለጥገና ስለሚዘጉ፣ ልጆችዎ የሚያገኙት የቆመ ማሽን ይሆናል። በጥር ወይም በየካቲት ቢሄዱ ግን ማሳው ከመቆረጡ በፊት ደረቅ ቅጠሉ ሲቃጠል፣ ቆራጮቹ ጥላሸት ለብሰው አገዳውን ሲጥሉ፣ የተቆረጠውም ስኳሩ ሳይቀንስ በቶሎ ወደ ወፍጮ ሲጓጓዝ ያያሉ። ጭማቂው የወጣለት ገለባ ተመልሶ የፋብሪካው ማገዶ መሆኑን ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚገረሙት በዚህ ይመስለናል።

ከቃሊቲ መናኸሪያ አዳማ፣ ከአዳማ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወንጂ ይደርሳሉ። ፋብሪካው የሥራ ቦታ እንጂ መናፈሻ ስላልሆነ፣ ለአስተዳደሩ አስቀድመው ደብዳቤ ጽፈው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ልጆች እንዳሉም ይግለጹ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመውና በ1946 ዓ.ም ማምረት የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ፣ ኋላ ከተተከለው የሸዋ ፋብሪካ ጋር አርጅቶ ተዘግቷል፤ ዛሬ የሚሠራው በዶዶታ በኩል የተገነባው አዲሱ ነው።

ፈቃዱ ባይገኝ እንኳ ጉዞውን አይተዉት። በአዋሽ ውኃ የሚለማውን ማሳና ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሠራተኞች ትውልድ ያፈሩባቸውን ካምፖች ማየት ራሱን የቻለ ጉብኝት ነው። አንድ አደራ ግን አለን። የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ፣ ለዓመታት የጠጡት ብዙዎች ጥርሳቸው በልዟል፤ አጥንታቸው ተጎድቶ ጀርባቸው የጎበጠም አሉ። ይህ የንጽሕና ጉድለት ሳይሆን ለስኳራችን ሲደክሙ የደረሰባቸው ጉዳት መሆኑን ለልጆችዎ ከቤት ሳይወጡ ቢያስረዷቸው፣ ከነዋሪዎቹ ጋር ሲገናኙ ትኩር ብለው ከማየት ይልቅ በአክብሮት ሰላም ይሏቸዋል።