ትምህርት ሲዘጋ ቤት ውስጥ ምን እንሥራ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከ10 ዓመት ልጄ ጋር በባለ 2 ሊትር ሃይላንድ የዝናብ መለኪያ ሠራን። ውሃ በደንብ እንዲገባ ብለን ዘይት የምንገለብጥበትን አፈ ሰፊ ፕላስቲክ ከላይ ሰካንበት። ባለፈው ማክሰኞ የእኛ 27 ሚሊ ሜትር ሲያሳይ የጎረቤት ልጅ የሠራው 12 ብቻ አሳየ። አጥሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፤ ማን ነው የተሳሳተው? የሰካነው ፕላስቲክ አፉ 15፣ የጠርሙሱ ሆድ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስፋቱን ለክተው ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። ዝናቡን የሚቀበለው የ15 ሳንቲ ሜትሩ አፍ ነው፤ ውሃው የሚጠራቀመው ግን በ10 ሳንቲ ሜትሩ ሆድ ውስጥ ነው። ሰፊው የለቀመው ጠባቡ ውስጥ ሲገባ ከፍ ይላል። በምን ያህል? 15 በ15 ሲባዛ 225፣ 10 በ10 ሲባዛ 100፤ 225 ለ100 ሲካፈል 2.25። የጎረቤትዎን 12 በ2.25 ቢያባዙት 27 ይመጣል። ሁለቱም ልጆች ያነበቡት በትክክል ነው፤ የተሳሳተው የእናንተ መለኪያ አፍ ነው። ይህን ስሌት እርስዎ አይንገሩት። ሁለቱን ስፋቶች ይስጡትና ልጅዎ ራሱ ይድረስበት።

አሁን እንደገና ስትሠሩት የጠርሙሱን የራሱን አናት ተጠቀሙ። አናቱ ጠቦ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ይቁረጡ (መቁረጡ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ጠርዙን በፕላስተር ይሸፍኑት)፣ ክዳኑን አውጥተው አናቱን ገልብጠው ይክተቱት። አፉና ሆዱ እኩል ሆኑ ማለት ነው። የተገለበጠው አናት የገባው ውሃ ቶሎ እንዳይተንም ይረዳል። ሆዱ ሽብሽብ ያለበትን ጠርሙስ አይምረጡ፤ ልኩን ያዛባል።

የጠርሙሱ ቂጥ ጎርባጣ ስለሆነ ከዚያ መለካት አይጀመርም። ጎርባጣው እስኪሸፈን ጠጠር ይጨምሩ፣ ጠጠሩ እስኪሰምጥ ውሃ ይሙሉ፤ የውሃው ልክ ላይ ዜሮ ብለው ያስምሩና ከዚያ ወደ ላይ ማስመሪያ ይለጥፉ። ጠጠሩ ንፋስ እንዳይጥለውም ይይዘዋል። በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ይነበብ፤ ከዚያ ትርፉ ይደፋና ውሃው ወደ ዜሮው ይመለስ። ፀሐይ በዋለበት ቀን ውሃው ከዜሮ በታች ይወርዳልና ማታ መሙላት ነው። በረዶ ከጣለ እስኪሟሟ ይጠበቅ።

ቦታው ዋናው ነገር ነው። 3 ሜትር ከፍታ ካለው ግድግዳ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ካስቀመጡት የሚለካው የጣሪያውን ፍሳሽ ነው። ጭቃ እንዳይረጭበት በርጩማ ላይ ከፍ አድርገው፣ አሸዋ በያዘ ባልዲ ውስጥ አቁመው ያስሩት። በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብባቸው ልጁ የሚመዘግበው አያጣም።

ቁጥሩን ነፍስ የሚዘራበት ደግሞ ይህ ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የቤታችሁ ጣሪያ 6 በ5 ሜትር ቢሆን በማክሰኞው 12 ሚሊ ሜትር ብቻ 360 ሊትር፣ ማለትም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 18 ጀሪካን ወርዶበታል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከዱቄትና ከጨው ያበጇቸው እንስሳት ሳምንት ሙሉ ቆይተውም አልደረቁም፤ በሬው ጭራሽ ሻገተ። (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ስለዚህ በዚህ ወቅት በአየር ብቻ ይደርቃል ብለው አይጠብቁ። 2 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ በደንብ የተፈጨ ጨው፣ ውሃው ሦስት አራተኛ ብርጭቆ ገደማ ሆኖ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው 10 ደቂቃ ይታሽ። የበሬው ሆድ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አይወፍር፤ ድልብ በሬ ካስፈለገ የተጨማደደ ፎይል ውስጡ አድርጋችሁ ሊጡን በላዩ ሸፍኑት።

ኦቨን ካለ በ100 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ እየተገላበጠ። ከሌለ እንጀራ ተጋግሮ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በቆርቆሮ ሳህን አድርገው ያስቀምጡት፤ አክምባሎው እንፋሎት እንዲወጣ ገርበብ ይበል። በ3 ወይም በ4 የእንጀራ ቀን ይደርቃል። ምጣዱ በጣም ግሎ ሳለ ከገባ ላዩ ቀድሞ ይጠነክርና ውስጡ የታፈነው እንፋሎት ያሳብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋል። መድረቁን ለማወቅ ከሥሩ ይንኩት፤ ከቀዘቀዘ በኋላም እርጥብ ብርድ ካለው ገና ነው። ከዚያ ቀለም ይቀባና በቀለም አልባ የጥፍር ቀለም 2 ጊዜ ይሸፈን፤ ካልተሸፈነ ዳግም እርጥበት ይስባል። ጨዉ ብዙ ስለሆነ ሕፃንና ውሻ እንዳይበሉት ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ የምስር ክክ በእርጥብ ሶፍት ላይ አድርገን 6 ቀን ጠበቅን፤ ሸተተ እንጂ አልበቀለም።

መልስ፦ ክክ ሲከካ ለሁለት ተከፍሏል፤ ቡቃያው የሚወጣባት ክፍል ያን ጊዜ ትጎዳለች። ያልተከካና ያልተቆላ ድፍን ምስር ወይም ባቄላ ወስዳችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፤ ሶፍቱ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ሀ ሁ ሂን እስከ ፐ በቃሏ ትወጣዋለች፤ አንዱን ፊደል ነጥዬ ስጠቁማት ግን አታውቀውም። ትምህርት ቤት እስኪከፈት 10 ሳምንት አለን። (እናት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ልጅዎ የያዘችው ዜማውን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተበጠሰ ይጠፋባታል። ገበታውን ለጊዜው ያውርዱት። ከወፍራም ወረቀት 6 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 28 ካርዶች አብራችሁ ቁረጡ፤ የለ፣ የበ፣ የሰ እና የከ ቤተሰብ በሙሉ ይጻፍባቸው። ግዕዙ በጥቁር፣ የተጨመረው ምልክት በቀይ ይሁን። ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ ላይ ቀዩ ከጎን ወገቡ ላይ ነው፤ ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኪ ላይ ቀኝ እግሩ ሥር ይወርዳል፤ ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ ላይ እዚያው ሥር ቀለበት ይሆናል። ይህን ራሷ ስታገኘው ደስታዋን ያዩታል። ሳድስና ሳብዕ እንዲህ ያለ አንድ ሕግ ስለሌላቸው በቃላት ውስጥ ይለመዱ።

በእነዚህ 28 ካርዶች ብቻ ልብ፣ ልብስ፣ ላባ፣ ስልክ፣ ክብ፣ ከሰል፣ ኬክ ይጻፋል። ካርዱን ከዕቃው አጠገብ ታኑረው። በ2 ሳምንት ይህ ከተያዘ በየሳምንቱ 3 ቤተሰብ ይጨመር። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ ተጎዳኝተው ይምጡ፤ ልዩነታቸው አናት ላይ ያለው ጭማሪ ነው። ሩ እና ፉ ምልክታቸው ሥር ላይ ስለሆነ ሕጉ ከጸና በኋላ ይቅረቡ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ድምፃቸውን ከሌላ ፊደል ጋር ስለሚጋሩ መጨረሻ ላይ ይቆዩ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ ለእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕል ሠርቶ ለጎረቤት ማደል እፈልጋለሁ፤ ቀለም ግን የለኝም። (የ12 ዓመት ልጅ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የአደይ አበባ ቢጫ ጓዳ ውስጥ አለ፤ እርድ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ እርድ በግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጥብጠህ ከ10 ደቂቃ በኋላ በጨርቅ አጥልለው። ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ቀባና አድርቅ። ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አሟሟ፤ የአበባዎቹን ቅጠል ትተህ ዙሪያቸውን ብቻ በዚህ ውሃ ቀባ። ዙሪያው ሸክላ ይመስል ይቀላል፣ አበባው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። እርድ የነካው ልብስ በሳሙና ሲታጠብ የሚቀላውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሶዳም ሳሙናም የእርድን ቀለም ይለውጣሉ። አሳልፈህ ከቀባህ አትቅደደው፤ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ብታደርግበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። የእርድ ቀለም ብርሃን ላይ ስለሚደበዝዝ ሐምሌ ላይ አትጀምር። ጳጉሜ ላይ ሠርተህ፣ ደርቆ፣ እስከ መስከረም 1 ቀን በደብተር መሐል ይቆይ።