የጳጉሜ ስዕል ከልጆቻችሁ ጋር

ሰሞኑን አንዲት ወጣት እናት «ጋሼ፣ ልጄ ክረምቱን ሙሉ ቲቪ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው፣ ስዕል ላስጀምረው ምን ልግዛለት?» ብላ ስትጠይቀኝ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ልበላችሁ።

እኛ ሰፈር ጳጉሜ ከገባ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲለማመዱ ወንዶቹ በረንዳ ላይ ተኮልኩለው የእንቁጣጣሽ ስዕል ይስላሉ። አብዛኛው መልአክ ነው፣ ያውም ኮፒ፣ ወረቀቱን ዘይት ቀብተው ከስር ያለውን ምስል በእርሳስ እየተከተሉ። ታናሽ ወንድሜ ግን አንድ ዓመት አህያ ሳለ። በጆንያ ፈንታ አደይ አበባ የተጫነች፣ አራቱም እግሯ በአንድ በኩል የተሰለፈ፣ ጆሮዋ ከቤቱ ጣሪያ የሚበልጥ አህያ። ቢጫ ከለር ስላልነበረው ጓዳ ገብቶ የእናታችንን እርድ በውሃ በጥብጦ ነው አበባውን የቀባው፣ ወረቀቱ ራሱ ወጥ ወጥ ይሸት ነበር። መስከረም 1 ጠዋት አብሬው ዞርኩ። አንድ ጎረቤታችን ስዕሉን አየት አድርገው «ደሞ በእንቁጣጣሽ አህያ ይሰጣል? እንደ ጓደኞችህ መልአክ አትስልም?» አሉትና ሳንቲም ሰጥተው ወረቀቱን መለሱለት። ምንም አላለም። በዓመቱ መልአክ ኮፒ አድርጎ ጥሩ ሳንቲም ሰበሰበ፣ ከዛ ወዲህ ከራሱ አውጥቶ ሲስል አላየሁትም። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ከዛ ሁሉ የሰፈር ሰው «አህያዋ ወዴት እየሄደች ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድ እንኳን አለመኖሩ ነው።

ለጥያቄው መልሴ፣ ለማስጀመር ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም ነው። እርድ ቢጫ ይሰጣል፣ ቀይ ስር ሮዝ (ፀሐይ ካየ ግን ቶሎ ይደበዝዛል)፣ የቡና አተላ ቡኒ፣ ከሰል ጥቁር። እርድ የተቀባ ወረቀት ላይ የልብስ ሳሙና ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ቢጫው ዓይናችሁ እያየ ወደ ቀይ ይቀየራል፣ ልጁ በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ይውላል። ከቻላችሁ ግን ጥሩ ባለቀለም እርሳስ ግዙ፣ ርካሹ በተቀረጸ ቁጥር እየተሰበረ ያስለቅሳቸዋል። ቤተክርስቲያን የምትሄዱም ግድግዳውን አሳዩዋቸው፣ የጥንት ሰዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚስሉት፣ ልጆች ይሄን ከሰሙ አንድ ዓይና ፍለጋ ግድግዳውን ሲያስሱ ነው የሚያረፍዱት።

ሩጫ እንደበዛባችሁ አውቃለሁ፣ ግን ኮፒ ቤት የተባዛ ስዕል ገዝቶ ለልጅ ማስያዝ አልወደውም፣ ገና ሳይጨርስ ፎቶ አንስቶ ፖስት ማድረጉም እንደዛው። ጆሮው በዛ፣ እግሩ አነሰ አትበሉት፣ እጁንም ይዛችሁ አትሳሉለት። አጠገቡ ቁጭ በሉና የራሳችሁን ሳሉ፣ ሲጨርስ ስሙንና ቀኑን ከጀርባው እሱ ራሱ ይጻፍበት።